ወፍጮው ዝም ያለ ዕለት

ባለፈው ሰኞ ቢሮ ስብሰባ ነበረን። ጉዳዩ አሮጌ ላፕቶፖች ናቸው። የንብረት ኃላፊያችን መልካም ሰው ነው፤ ብቻ አዲስ ዕቃ ሲባል ዓይኑ ይበራል። መጋዘን የተከመሩትን ላፕቶፖች «ዘመናቸው አልፏል፤ ይወገዱና አዲስ ይገዛ» አለ። አንዲት ወጣት ባለሙያ እጇን አውጥታ፣ ሃርድ ዲስካቸውን አውጥተን ኤስኤስዲ ብናስገባላቸው ገና ብዙ ያገለግላሉ አለች። ይኼኔ እኔ፣ ስብሰባ ላይ ከሰላምታ ሌላ ብዙም የማልናገረው ሴትዮ፣ ልጅቷን ደግፌ መናገር ጀመርኩ። ስለ ላፕቶፕ የጀመርኩት ወሬ ሳላስበው ማሽላ ላይ ደረሰ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤ የቀሩት ተሳሳቁ። እኔም ስቄ ተውኩት፤ ጨዋታው ግን አፌ ላይ ቀረ። ስብሰባ ያልቻለውን ወረቀት ይቻለው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ተማሪ ሳለሁ የነበረኝ ላፕቶፕ ጅዳ የምትኖረው አክስቴ ተጠቅማበት ተጠቅማበት ሲሰለቻት የላከችልኝ ነው። እንደ መጅ ይከብዳል። አብርቼው ሄጄ ሽሮ አማስዬ፣ አውጥቼ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ ገና ስክሪኑ ላይ ክቧን እያሽከረከረ ይጠብቀኛል። ባትሪው የሞተው እኔ ጋ ሳይደርስ ነው፤ ገመዱ ከሶኬቱ ትንሽ ከተነቃነቀ ድርግም ይላል። እንዲያም ሆኖ ያለኝ ሀብት እሱ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ፣ ከላይኛው ሐይቅ ከአርዲቦ ወርዶ ወደ እኛው ወደ ሐይቅ የሚገባው ውሃ ምን ያህል አፈር እንደሚያመጣ በጋ ከክረምት እየተመላለስኩ የለካሁት ሁሉ፣ እዚያ ውስጥ ነው። ትምህርቱን ስጀምር አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ የሚልበት፣ ሬዲዮው ሲከፈት ተስፋ የሚወራበት ጊዜ ነበር። እኛም ስንመረቅ ሥራ ቆሞ የሚጠብቀን ይመስለን ነበር።

ከዚያ በሽታው መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተከፈተ ስንል ደግሞ ጦርነቱ እየገፋ እኛው ደጃፍ፣ ሐይቅ ከተማ ደረሰ። መኸር ነው። ማሽላው ዘለላውን አጎንብሶ አጫጅ አጥቶ ቆሟል። እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ ቤታችንን ዘግተን፣ አምባሰል ተራራው ሥር ወደሚኖረው አጎቴ ዘንድ በእግር ተነሣን። መንገዱ ላይ ፍራሽ የተሸከመ፣ ዶሮ ያቀፈ፣ አሮጊት እናቱን ያዘለ አይቻለሁ። እናቴ ላፕቶፑን ይዤ እንድወጣ አልፈቀደችም። «መንገድ ላይ ለእሱ ብለው ይገድሉሻል» አለችና በነጠላ ጠቅልላ ጎታ ውስጥ፣ ጤፍ መሀል ቀበረችው። ጤፍ ውስጥ ኮምፒውተር የሚፈልግ የለም ብላ ነው። እውነትም አልተፈለገም።

አጎቴ ቤት ቂጣና ቆሎ እየበላን፣ የከባድ መሣሪያውን ድምፅ ከነጎድጓድ ለመለየት እየሞከርን ሰነበትን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፤ ፍራሹ፣ ድስቱ፣ የእናቴ የክት ልብስ የለም። ከጎታውም ጤፉ ተዝቋል፤ ግን እስከ ታች አልደረሱበትም። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ነጠላውን አገኘሁት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልናገር አልችልም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ነጠላውን ፈትቼ ላፕቶፑን ዘቅዘቅ ባደርገው ግን ከየቀዳዳው ጤፍ ይዘንብ ጀመር።

«እማ! ጤፍ ገብቶበታል እኮ!»

«ታዲያ ምን ይሁን? ጤፍ ምን የሚያህል ነገር ነውና ነው የሚጎዳው?» አለች እናቴ። ጤፍ ጤፍን ማከሉ ነው ጣጣው ብዬ ላስረዳት አልሞከርኩም። የቀረን ንብረት እኔ የተቆጣሁበት ያ አንድ ዕቃ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከዩኒቨርሲቲው መልእክት መጣ፤ ደሴ ደርሶ የተመለሰ ልጅ በቃል ነው ያመጣልን፤ ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረም። ጽሑፋችሁን ጥር ሳይወጣ ያስገባችሁ ትመረቃላችሁ፤ ያላስገባ ለሌላ ዓመት ይጠብቅ። ቅጂ የያዝኩበት ፍላሽ ዶርም ቀርቶ ከነሻንጣዬ ጠፍቷል። ሌላ ዓመት ደግሞ ለእኔ አልነበረም። አክስቴ «ቪዛውን እኔ እጨርስላታለሁ፤ ትምጣ» ካለች ቆይታለች። እናቴ ሂጂ ብላ አፍ አውጥታ አልተናገረችም፤ ብቻ ፓስፖርት ያወጡ የሰፈር ልጆችን ስም መጥራት አብዝታ ነበር። የልጅነት ጓደኞቼ እኩሌታው ዓረብ አገር ናቸው። የሰው ቤት ሊያጸዱ ሄደው ደህና የገቡ አሉ፤ በሬሳ ሣጥን የተመለሰችም አለች። እኔ መሄድ አልፈለግሁም። እዚሁ ሐይቄ ዳር ውሃ እየለካሁ መኖር ነበር የምፈልገው።

መናኸሪያው አጠገብ ብርሃኑ የሚባል ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር። ሱቁን ባዶ አድርገውበታል፤ የቀሩት አንድ አግዳሚና ከአዲስ አበባ ሲመለስ በጀርባ ቦርሳው ያመጣቸው ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። ላፕቶፔን በካቻቪቴ ፈትቶ ጀርባውን ሲያነሣው ማራገቢያው ጤፍ ሞልቶታል። በጥርስ ብሩሽ እያነሣ፣ በብስክሌት መንፊያ እየነፋ ሲያጸዳው ዋለ። የጁምዓ ዕለት የመስጊዱ ጄኔሬተር ሲነሣ ሰክተን አየነው። በራ። ግን ከውስጡ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው» አለኝ። «ሸክላ ማጫወቻ ታውቂ የለ? እንደዚያ የሚዞር ሳሕን አለው፤ ላዩ ላይ መርፌ ትሄዳለች። መርፌዋ ደክማለች። እኔ ጋ ኤስኤስዲ አለ፤ እሱ የሚዞርም የሚንቀሳቀስም ነገር የለውም። ይሄ ነፍሱ ሳይወጣ ሁሉንም ወደዚያ እንገልብጠው።»

«ጽሑፉን ብቻ አውጣልኝ።»

«ጽሑፉን ባወጣልሽ በምን ትከፍችዋለሽ? ካርታ የሠራሽበት ፕሮግራም ከኢንተርኔት ካልሆነ እንደገና አይጫንም። ሁሉም እንዳለ ይሻገር።»

እናቴ አጎቴ ዘንድ የተረፈችንን በግ ሸጠች፤ ኤስኤስዲው ተገዛ። የቀረው መብራት ነው። የመንግሥት መብራት ገና አልተመለሰም፤ የመስጊዱ ጄኔሬተር ለሶላት ያህል ተነሥቶ ይጠፋል። በከተማው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ጄኔሬተር የነበረው ጋሽ ይማም ወፍጮ ቤት ብቻ ነው።

ጋሽ ይማምን የማያውቅ ሰው የተጣላው ይመስለዋል። ዕድሜውን የወፍጮ ጩኸት ውስጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ደህና አደርሽንም እየጮኸ ነው የሚለው። ቅንድቡ፣ ጺሙ፣ የጆሮው ጠርዝ ሳይቀር ዱቄት ነው። ብርሃኑ ሁኔታውን አስረዳው፤ ላፕቶፑ ባትሪ የለውም፤ ወፍጮው ሲፈጭ ኃይሉ ይወርዳል ይወጣል፤ በመሀል አንድ ጊዜ ድርግም ካለ ይህ ዲስክ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል።

«በአጭሩ፣ ወፍጮውን አቁም ነው የምትለኝ?»

«ከቀትሩ ዙሁር እስከ ተሲያቱ ዐስር ሶላት ባለው ያልቃል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ይማም እኔን አየኝ፤ ላፕቶፑን አየው። ናፍጣ እንዴት እንደሚገኝ ያን ጊዜ ያየ ያውቃል፤ ከወርቅ በላይ ነበር።

«ናፍጣው የኔ ነው፤ እሱን ትቸዋለሁ» አለ። «ተራው ግን የእነሱ ነው። ሌሊት ተነሥተው የመጡ አሉ። እኔ በእነሱ ተራ ማዘዝ አልችልም። ውጪና ራሳቸውን ጠይቂያቸው።»

ይህን ነገር የእኛ አገር ሰው ካልሆነ ላይረዳው ይችላል። ወፍጮ ቤት ተራ የምትሰብር ባለሥልጣንም ባለጸጋም የለችም። ሴቶቹ ጥላ ፍለጋ ዞር ቢሉ እንኳ ማዳበሪያቸው በእነሱ ፈንታ ተሰልፎ ይቆማል፤ ማንም አያልፈውም። ተራ የሚሰጠው በባለቤቱ አፍ ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም «ጀባ» ተብሎ ነው። ወሎ ውስጥ ጀባ ማለት እንካ፣ ከልቤ ነው ማለት ነው። ጀባ የተባለ ነገር ተመልሶ አይጠየቅም።

ወጣሁ። በግድግዳው ሥር ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዷ ሕፃን አዝላለች፤ አንዳንዷ ማዳበሪያዋ ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትቆረጥማለች። የሁሉም ቤት እንደኛ ቤት እንደሆነ ፊታቸው ይናገራል። ላፕቶፑን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። የፈተና ክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ምን እንዳልኩ አሁን በደንብ አላስታውሰውም፤ ብቻ ስለ ጽሑፌ ነግሬ እስከ ዐስር ሶላት ተራቸውን ለመንኳቸው።

የፊተኛዋ ባለ ተራ ማሽላ የያዘች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ የለበሰ፣ ቀጭን ሴት ነበረች።

«ምንድን ነው የጻፍሽው?» አለችኝ።

«ከአርዲቦ ወርዶ ሐይቅ ስለሚገባው ውሃ ነው፣ እትየ።»

«እኔ እኮ ከአርዲቦ ነው የመጣሁት። ውሃው እንደሁ ሳትጽፊውም ይወርዳል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም በፍርሃቴ መሀል ሳቅሁ።

«አንች ልጅ፣ አትቀየሚኝ» አለች ቀጥላ፣ አሁን ሳትስቅ። «ወላሂ ክፋት የለኝም። ልጆቼን ጥሬ ቆልቼ ሰጥቼ ነው የወጣሁ። እስከ ዐስር ከጠበቅሁ በምን እግሬ ነው ሳይመሽ የምገባ? አልችልም።»

ልክ ናት። ልክ የሆነን ሰው መለመን ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። «ልክ ነሽ፣ እትየ» ብዬ ልመለስ ስል፣ ማሽላዋ ተፈጭቶላት የማዳበሪያዋን አፍ ገና ያላሰረች አንዲት ባለ ማተብ ሴት ጠራቻት።

«ስሚ እንጂ፣ እህቴ» አለቻት። «ያንችም ማሽላ፣ የኔም ማሽላ። የኔን ዱቄት ይዘሽ ወደ ልጆችሽ ሂጂ። ያንችን እዚህ ተይው፤ ሲፈጭ እኔ እወስደዋለሁ። ቤቴ እዚሁ ነው፤ ቢመሽም አይጨንቀኝ።»

የአርዲቦዋ ሴት ተጠጋችና ዱቄቱን ዘግና በጣቶቿ አሸችው። እህሏን የምታውቅ ሴት እንዲህ ነው የምታየው። ቀና ብላ ባለ ማተቧን አየቻት።

«ያንች ይነጣል እኮ። የኔ ዘንጋዳ ተቀላቅሎበታል።»

«ሆድ ውስጥ አንድ ነው» አለች ያችኛዋ።

የአርዲቦዋ ሴት ዱቄቱን ተቀብላ አፉን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና በዱቄት የተለወሰ እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«ተራየን ጀባ ብየሻለሁ። አላህ ያሰብሽውን ይሙላልሽ። ተምረሽ ለኛም ድረሽልን።»

ዱቄቱን ጀርባዋ ላይ አዝላ ወደ መንገዱ ወጣች። ከእሷ በኋላ ያሉት ብዙም አላስቸገሩኝም። «እኔም ጀባ»፣ «ጀባ፣ የኔ ዓለም»፣ «ተይ አታልቅሽ፣ አብሽሪ፤ እኔም ጀባ» እያሉ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄደ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ጀባ ያላለች የለችም። ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ገባና ወፍጮውን አቆመ።

ያን ቤት ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር። ጄኔሬተሩ ከጓሮ ብቻውን ያጉረመርማል፤ ውስጥ ግን ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ብርሃኑ ላፕቶፑን የእህል ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው፤ የማይነቃነቅ ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ኤስኤስዲውን በገመድ አገናኝቶ መገልበጡን አስጀመረ። ሴቶቹ ገብተው በማዳበሪያዎቹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ስስ መስመር እየሞላች መሄድ ጀመረች። አንዷ ከቆሎዋ አካፈለችን። ስለ ኑሮ፣ ስለ ጠፋ በሬ፣ ገና ስላልተመለሰ ባል እየተወራ ዙሁር አለፈ።

መስመሩ ከግማሽ አለፍ እንዳለ ቀጥ አለ። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ብርሃኑ ላቡን በክርኑ ጠረገ። ቅጭቅጭታው ቆም ይላል፤ እንደገና ይጀምራል፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አክስቴ ቤት፣ የማላውቀው ወጥ ቤት፣ የማላውቀው ቋንቋ ታየኝ።

«ምን ሆነ?» አለች አንዲት ጤፍ የያዘች አሮጊት።

«አንድ ቦታ ተይዞበታል፣ እማማ» አለ ብርሃኑ።

«እንግዲያ ዱዓ ነዋ የሚያስፈልገው።»

«ለኮምፒውተር ዱዓ ይደረጋል እንዴ?» አለች አንዷ ወጣት።

«ለበሬ እናደርግ የለም? ለሚያገለግል ነገር ሁሉ ይደረጋል» አለች አሮጊቷ። መዳፎቿን ዘርግታ ጀመረች፤ ሌሎቹ አሚን አሚን እያሉ ተቀበሏት። ባለ ማተቧም አማተበችና እመቤቴን ጠራች። ጋሽ ይማም እንኳ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሚን አለ።

መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ብርሃኑ ኋላ ላይ አስረድቶኛል፤ የተበላሸውን ቦታ ደጋግሞ ሞክሮ ዘሎት ነው። ይሁን። እኔ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አላስፈለገኝም፤ ለሁለቱም አመስግኛለሁ።

የዐስር አዛን ሳይል አለቀ። ብርሃኑ ላፕቶፑን ፈትቶ አሮጌውን አወጣ፤ ኤስኤስዲውን ቦታው ላይ አስገብቶ ብሎኑን ማሰር ሲጀምር ከማጠፊያው ሥር ተደብቃ የነበረች ጥቂት ጤፍ ሚዛኑ ላይ ተበተነች።

«ይችንም ልፍጫት?» ብሎ ጮኸ ጋሽ ይማም፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ማብሪያውን እንድጫን ለእኔ ሰጠኝ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት፤ ለመጠበቅ ማዳበሪያ ላይ ልቀመጥ ዘወር ስል «ኧረ ተከፍቷል!» አሉኝ። አላመንኩም። ሽሮ አማስዬ የምመለስበት ላፕቶፕ ዓይኔን ሳላሽ ተከፍቷል። ጽሑፌን ጠራሁት፤ መጣ። ካርታው መጣ። ያ ሰማያዊ መስመር ከአርዲቦ ተነሥቶ ሐይቅ ሲገባ ታየ። ዘወር አድርጌ ለሴቶቹ አሳየኋቸው። አሮጊቷ ጠጋ ብላ አየችውና እልልታዋን አቀለጠችው።

ጋሽ ይማም ወፍጮውን አስነሣ። እኔ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ላፕቶፑን ለብርሃኑ አስይዤ፣ የመጨረሻዋ ሴት እስክትወጣ ማዳበሪያ እየያዝኩ፣ እያሰርኩ፣ እያሸከምኩ ቆየሁ። የአርዲቦዋን ማሽላም ለባለ ማተቧ ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ እውነትም ጠቆር ይል ነበር። ቤት ስደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ኮምፒውተር አሠራለሁ ብለሽ ወጥተሽ ተፈጭተሽ መጣሽ?» አለችኝ።

ጽሑፉን ጥር ሳይወጣ አስገባሁ፤ ተመረቅሁ። ዛሬ ውሃ ሥራ ላይ ነኝ፤ ፀጉሬም ከወዲሁ እንደ ጋሽ ይማም ቅንድብ መንጣት ጀምሯል። ያ ላፕቶፕ ከዚያ በኋላ ዓመታት አገልግሎኝ፣ ከእኔ አልፎ ታናሽ እህቴን አስመርቋል። ስብሰባው ላይ የተናገርኩት ይህን ነው፤ መጨረስ አልቻልኩም እንጂ። ለነገሩ ልጅቷ ረትታለች፤ ላፕቶፖቹ ይታደሳሉ ተብሏል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ውስጤ ነበር። ጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እንደ ደንቡ የምስጋና ገጽ አለ። አማካሪዬን፣ ትምህርት ክፍሉን፣ እናቴን፣ ብርሃኑንና ጋሽ ይማምን ካመሰገንኩ በኋላ «ሐይቅ ከተማ ወፍጮ ቤት ተራቸውን ለሰጡኝ ሴቶች» ብዬ ጨምሬ ነበር። አማካሪዬ በእርሳስ አስምሮበት «እነማን ናቸው? ስማቸው ይጻፍ ወይም ይውጣ» ብሎ መለሰልኝ። ስማቸውን አላውቅም። ጋሽ ይማምንም ጠየቅሁት፤ እሱ የሚያውቃቸው በማዳበሪያቸው ነው። የአርዲቦዋንማ ሰኞ ገበያ በዋልኩ ቁጥር በዓይኔ ፈልጌአታለሁ፤ ለልኬት አርዲቦ ስወጣም ጠይቄአለሁ፤ ማሽላ ይዛ ሐይቅ የወረደች ሴት ብዬ ብጠይቅ ሰዎቹ ስቀውብኛል፤ ያልወረደች የለችማ። መስመሩ ከገጹ ወጣ።

አሁን ግን በእርሳስ የሚያሰምርብኝ የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ማሽላ ይዛ ከአርዲቦ ለመጣችው፣ ነጩን ዱቄቷን ለሰጠቻት ባለ ማተብ፣ ጤፍ ይዛ ዱዓ ላደረገችው እናት፣ ከኋላ ተሰልፈው ጀባ ላሉኝ ሁሉ፤ አመሰግናለሁ። ስማችሁን አላውቀውም። እናንተም ያን ዕለት የኔን አልጠየቃችሁኝም።